እኅት የሌለበት ሙሉ ውጤት

ለክቡር የትምህርት ቴክኖሎጂ ዳይሬክተር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ወገብዎ፣ ዐይንዎ፣ በተለይም ስለ እኛ ስለ መምህራን በየመድረኩ ሲናገር የሚውለው ድምፅዎ ከመቼውም ጊዜ በላይ በርትቶ እንዲቆይ ከልብ እመኛለሁ። እኔም የጠመኔ ብናኝ ካመጣብኝ ሳል በስተቀር ደኅና ነኝ፤ ሳሉም ቢሆን እርስዎ ጠመኔን ካስቀሩልን ወዲህ እየተሻለኝ ስለ ሆነ፣ ቢያንስ ለሳንባዬ የዋሉትን ውለታ ሳላመሰግን ወደ ሌላ ነገር ማለፍ አልፈልግም።

በከተማው ዳር ባለው ትምህርት ቤት የአራተኛ ክፍል የአማርኛ መምህርት ነኝ። ስሜን ላያስታውሱት ይችላሉ፤ ዓመቱ ሲጀመር በተሰጠው ሥልጠና ላይ "ፈጣኗ" ብለው ያጨበጨቡልኝ ሴት ግን እኔ ነኝ። የአራተኛ ክፍልን የአማርኛ መልሶች በሙሉ ልጆቹን ወደሚያርመው መሣሪያ፣ ወደ ታብሌቱ፣ የመልስ ቋት ያስገባሁትም እኔው ነኝ። ስለዚህ ከዚህ በታች የሚያነቧቸው ቅሬታዎች በእርስዎ ላይ ብቻ የቀረቡ ቢመስሉ፣ እኔን ከተከሳሾቹ መካከል እንዳያወጡኝ በታላቅ አክብሮት እለምናለሁ። አንዲት ልጅ በእኔና በእርስዎ ምክንያት "እናት" ብላ መጻፍ ፈርታለች፤ በመጪው ሐሙስ ደግሞ በእርስዎ መድረክ ላይ፣ እናቷ ተቀምጠው እየሰሟት፣ ፍርሃቷን ጮክ ብላ እንድታነብልን ተጋብዛለች። ደብዳቤዬ ስለዚህች ልጅ ነው።

በአደባባይ የምጽፈው በተዋረድ ጽፌ ስላልሆነልኝ ነው። ለርእሰ መምህሩ አመለከትሁ፤ እሳቸው ለበላይ አመለከቱ፤ በላዩም ለበላዩ። በመጨረሻ ከቢሮዎ "የመልስ ቋቱ ለዘንድሮ የትምህርት ዘመን ስለ ታሸገ ማስተካከያ ማድረግ አይቻልም" የሚል መልስ መጣ። መልሱ አጭር፣ ግልጽና ማኅተም ያረፈበት ነበርና አመሰግናለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ሰሌዳው። ያመጡልን ዲጂታል ሰሌዳ እጅግ ያማረ ነው። የሰቀሉት ባለሙያዎች ሌላ ግድግዳ ስላጡ ከጥቁር ሰሌዳው ላይ ደርበው ሰቅለውታልና ከጥቁሩ የቀረን በቀኝ በኩል ያለው አንድ ስንዝር ብቻ ነው። መብራት በሄደ ቁጥር ከቦርሳዬ የደበቅሁትን ጠመኔ አውጥቼ በዚያች ስንዝር ላይ ፊደሎቹን ከላይ ወደ ታች እየደረደርሁ እጽፋለሁ። ከኋላ ወንበር የሚቀመጠው ቀልደኛ ልጅ "መምህር፣ ቃሉ ከደረጃ እየወደቀ ነው" ብሎ ክፍሉን በሙሉ አስቆብኛል። ልጆቹ መብራት ሲሄድ ደስ ይላቸዋል፤ ለዚህ ደስታቸው መሠረቱ እርስዎ ስለ ሆኑ ምስጋናው ለእርስዎ ይድረስ።

ሁለተኛ፤ ስለ ማዕረጌ። በመመሪያዎ መሠረት ከዚህ ዓመት ጀምሮ መምህር መባሌ ቀርቶ "አመቻች" ሆኛለሁ። ተማሪው ዕውቀትን ራሱ ይገነባል፣ መምህሩ ያመቻችለታል የሚለው ንድፈ ሐሳብ መልካም ንድፈ ሐሳብ ነው፤ ያሰቡት ሰዎች ልጅ የሚወዱ ሰዎች እንደ ነበሩ ከቃላቸው ያስታውቃል። ባለቤቴ ግን "ምኑን ነው የምታመቻቺው? ወንበሩን?" እያለ ማታ ማታ ይስቅብኛል። ለትዳራችን ጨዋታ ስለ ጨመሩልን ሁለታችንም እናመሰግናለን።

ሦስተኛ፤ ስለ ድምፁ። ሥልጠናው ላይ የተማርነው ሌላው ንድፈ ሐሳብ፣ ትክክል የሠራ ልጅ ወዲያው ሲመሰገን፣ የተሳሳተም ወዲያው ሲነገረው ይማራል የሚል ነበር። ስለዚህ ታብሌቱ ትክክል ሲጽፉበት ያጨበጭባል፤ ሲሳሳቱበት ደግሞ ክፍሉ ሁሉ እስኪሰማ ጥዝዝ ይላል። ድምፁን መቀነስ ይቻል እንደ ሆነ ብንጠይቅ፣ አሠልጣኙ ፈገግ ብሎ፣ ሌሎቹም ከጓደኛቸው ስሕተት እንዲማሩ ሲባል ሆን ተብሎ የማይቀነስ ሆኖ መሠራቱን አስረዳን።

ክቡር ሆይ፣ ልጆች ሁሉ ለዚህ ድምፅ እኩል አይደነግጡም። አብዛኞቹ ጥዝዝ ሲላቸው ይስቁና ሌላ ፊደል ይነካሉ፤ እሱም እምቢ ሲል ሌላ ይነካሉ፤ እስኪያጨበጭብላቸው ድረስ መነካካት ነው። ከእነዚህ መካከል ለአንድ ቀን እንኳ ስለ ፊደሉ ያሰበ የለም፤ ውጤታቸው ግን ጥሩ ነው። አንዷ ግን አትነካካም። ጓደኞቿ "ወይዘሮ ፊደል" ይሏታል። ስሙን ያወጡላት ሁለተኛ ክፍል ሳሉ ነው፤ ያኔም መምህሯ እኔ ነበርሁ። ሀሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፣ ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ እያልሁ የፊደላቱን ስም እንደ ጎረቤት ስም አስተምሬያቸው ነበር። ሌሎቹ በማግሥቱ ረሱት። እሷ ግን ፀሐይ በፀሐዩ ፀ፣ ዐይንም በዐይኑ ዐ ካልተጻፈ የጓደኞቿን ደብተር ሳይቀር እየዞረች የምታርም፣ ደስ የምትልና የምታስቸግር ልጅ ሆነች። እኔም በመምህራን ማረፊያ ክፍል ስለ እሷ ስኩራራ እገኝ ነበር።

ዘንድሮ መሣሪያው "በቀን ብርሃን የሚሰጠን ምንድን ነው?" ብሎ ጠየቃት። ቁልፉን ተጭና ቆይታ፣ ከሥር የተሸሸጉትን ፊደላት አንድ በአንድ ፈልጋ አወጣችና "ፀሐይ" ብላ ጻፈች። ጥዝዝ አለባት። ክፍሉ ሳቀ። ቀና ብላ እኔን አየችኝ፤ የተሳሳተችው እሷ ሳትሆን መሣሪያው እንደ ሆነ እናገርላታለሁ ብላ የጠበቀች ትመስል ነበር። እኔ ስላልተናገርሁ ደግማ ያንኑ ጻፈች፤ ደግሞ ጥዝዝ አለባት። "ሕዝብ" ላይ ጥዝዝ፣ "ዐይን" ላይ ጥዝዝ። ሴሚስተሩ ሳይጋመስ ልጅቱ እጇን ከታብሌቱ ላይ አንሥታ ጭኗ ላይ ማስቀመጥ ጀመረች። ንድፈ ሐሳቡ ያለውን አደረገ፤ የምትቀጣበትን ነገር ተወች። ይህን ያህል በትክክል የሠራ ንድፈ ሐሳብ በሥራ ዘመኔ አላየሁም።

አራተኛው ቅሬታ በእኔ ላይ ነው። ያን ቀን በሥልጠናው አዳራሽ መልሶቹን ሳስገባ እርስዎ ከኋላዬ ቆመው ነበር። ሽቶዎ እስከ ዛሬ ይሸተኛል። የሌላው ክፍል መምህራን ገና ከቁልፎቹ ጋር ሲተዋወቁ እኔ ወደ ማለቁ ተቃርቤ ነበርና "እንዲህ ነው እንጂ!" ብለው ጀርባዬን መታ አደረጉኝ። በዚህ መካከል አሠልጣኙ ጎንበስ ብሎ፣ በአማርኛ አንድ ቃል ከአንድ በላይ በሆነ መንገድ ይጻፍ እንደ ሆነ፣ ከሆነም ሁሉንም ማስገባት እንደሚቻል ነገረኝ። ለዚህ ጥያቄ መልስ መስጠት የምችል ሰው ቢኖር እኔ ነበርሁ። ግን አዎን ብል ሥራው እንደ አዲስ ሊጀመር ነው፤ ምሳ ቀርቧል፤ እርስዎ ቆመዋል፤ ፈጣኗ መባሉ ደግሞ ጥሞኛል። "የለም፣ አንድ ነው" አልሁት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ያ ቃሌ ዛሬ ታሽጎ ተቀምጧል።

ጥዝዝታው ከዚያ ቃሌ የመጣ መሆኑን ካወቅሁም በኋላ ወዲያው አልተናገርሁም። አንድ ሰሞን መሣሪያውን ስረግም፣ መብራቱን ስረግም፣ እርስዎንም (ይቅርታዎን እየለመንሁ) ስረግም ከረምሁ፤ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው። ልጅቱን ደግሞ ለብቻዋ ጠርቼ ለጊዜው መሣሪያው እንደሚፈልገው አድርጋ እንድትጽፍ መከርኋት። እሷም በትሕትና፣ የሚፈልገውን በምን እንደምታውቅ ጠየቀችኝ። ያስገባሁት ግን ጣቴ ያረፈበትን ነው። "ፀሐይ" ላይ በሀሌታው ሀ ጽፌያለሁ፣ "ሐሳብ" ላይ በሐመሩ። ልጅ የተሳሳተ ሕግም ቢሆን ይማራል፤ ሕግ የሌለውን ነገር ግን ምን አድርጎ ይማረው? አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ሲባል ስሰማ ኖሬያለሁ፤ አይጧ እኔ የሆንሁበት ጊዜ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ያቺ ልጅ የወደቀችው ባለመስማቷ አይደለም። እኔን ሰምታ ነው የወደቀችው።

አምስተኛ፤ ስለ ድርሰቱ። ተማሪ ዕውቀትን ራሱ ይገነባል ብለውን ነበር፤ እነሆ ገነባች። ማንም ሳያመቻችላት፣ ጥዝዝ የሚያሰኙትን ፊደላት ለይታ አወጣች። ሦስቱን ሀ ከነቤተሰቦቻቸው፣ ሁለቱን ሰ፣ ሁለቱን ጸ፣ "ዐይን" ላይ ከተዋረደች ወዲህ ደግሞ ሁለቱን አ ጭምር ዘር ማንዘራቸውን ሳትለይ ተወቻቸው። ከዚያም እነዚህ የሌሉባቸውን ቃላት ብቻ እየመረጠች መጻፍ ጀመረች። እስኪ እርስዎም በቢሮዎ ይሞክሩት፤ ምን ያህል ብልህነት እንደሚጠይቅ ያያሉ።

መሣሪያው ስለ ቤተሰብ ድርሰት ጻፉ ባለ ጊዜ እንዲህ ጻፈች፦ "ወላጄ ጎበዝ ናት። በጠዋት ትወጣለች። ወንድሜ ትልቅ ልጅ ነው። ድመት ይወዳል። ቤቱ ጠባብ ነው፤ ግን ውብ ነው።" ድርሰት የሚያርመው የፊደል ስሕተት በመቁጠርና አራት ነጥብ በመፈለግ ስለ ሆነ መሣሪያው ሙሉ ውጤት ሰጣት። ለረጅም ጊዜ አጨበጨበላት። እኔም ከዓመቱ መጀመሪያ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትስቅ አይቼ፣ ምን እንደ ጎደለ ሳላስተውል፣ ከመሣሪያው ጋር አብሬ አጨበጨብሁ። ይህንንም ከበደሎቼ ጋር ይቁጠሩልኝ።

ድርሰቱ በመግቢያው ኮሪደር ባለው ትልቅ ስክሪን ላይ ወጣ። ልጅቱ ታናሽ እኅት አለቻት፤ አንደኛ ክፍል ናት፣ ማንበብ ገና እየጀመረች ነው። በእረፍት ሰዓት ስክሪኑ ሥር ቆማ ጣቷን ቀስራ ፊደል በፊደል ስታነብ አየኋት። ጨረሰችና እንደገና ከላይ ጀመረች። ከዚያ ወደ እኔ መጥታ ቀሚሴን ጎተት አድርጋ "ድመቷ አለች፤ እኔ የት ነኝ?" አለችኝ።

ያን ጊዜ ነው ድርሰቱን በትክክል ያነበብሁት። እናት የለችም፤ "ወላጄ" ብቻ አለች። "እኅት" የሚለው ቃል ሁለት የሚያስፈሩ ፊደላት አንድ ላይ የያዘ ነውና ታናሿን ከነጭራሹ ትታታለች። "እኔ" የሚልም የለም። ድርሰቱ ውስጥ ጸሐፊዋ ራሷ የለችበትም። ለሕፃኗ ምን እንዳልኋት ቢጠይቁኝ፣ ቦታ ስላልበቃ ነው አልኋት። ዋሸሁ፤ እሷም አመነችኝና ልትጫወት ሄደች።

ክቡር ሆይ፣ ይህ በሆነ በሳምንቱ የእርስዎ የተሞክሮ መድረክ የግብዣ ደብዳቤ ደረሰን። ከዝቅተኛ ውጤት ተነሥታ በቴክኖሎጂ ታግዛ ሙሉ ውጤት ያመጣች ተማሪ ተብላ ልጅቱ ተመርጣለች። ሐሙስ ዕለት ድርሰቷን በእንግዶች ፊት ታነባለች፤ እኔም ስላመቻቸሁት ለውጥ አጭር ማብራሪያ እሰጣለሁ። እናትየው ልብስ ሰፊ ናቸው። ሱቃቸውን ዘግተው ሊመጡ ነው፤ ለታናሿም አዲስ ቀሚስ እየሰፉላት እንደ ሆነ በር ላይ አግኝተው በደስታ አወሩኝ። "መምህር፣ ምስጋናው የእርስዎ ነው" አሉኝ። ሰው ሲሰድበኝ እንዲህ አላመመኝም።

እንግዲህ ትላንት ልጅቱን ከክፍል ስትወጣ አስቀረኋትና እውነቱን ነገርኋት። ትክክል የነበረችው እሷ እንደ ሆነች፣ የተሳሳተው መልስ የእኔ እንደ ሆነ፣ ያስገባሁትም ተቻኩዬና ሙገሳ ፈልጌ እንደ ሆነ አንዱንም ሳላስቀር ነገርኋት። ትቆጣለች ብዬ ነበር፤ አልተቆጣችም። መሣሪያው የትኛውን "እኅት" እንደሚወድ ጠየቀችኝ። ልብ ይበሉልኝ፣ ትክክለኛው የትኛው ነው አላለችም። ወረቀት አውጥታ "እኅት፣ እህት፣ እሕት፣ ዕኅት" ብላ በተርታ ጻፈችና ለሐሙስ አንዱን እንድመርጥላት ሰጠችኝ። እኔም፣ የምታነበው ጮክ ብላ ስለ ሆነ የትኛውንም ብትጽፍ በሰው ጆሮ የሚገባው አንድ ዓይነት እንደ ሆነ ነገርኋት። እሷ ግን "ታዲያ ሲጠሩት አንድ ከሆነ ለምን ጥዝዝ አለብኝ?" አለችኝ።

ይህን ጥያቄ፣ የእርስዎ መሥሪያ ቤት ብዙ ባለሙያዎች ያሉት ስለ ሆነ ለእርስዎ አስተላልፌዋለሁ፤ እንደ ስድስተኛ ቅሬታ ይያዝልኝ።

የምለምንዎት ጥቂት ነገር ነው። ቋቱ ይከፈት፤ ያበላሸሁትን ራሴ፣ ያለ ማንም ጭብጨባ፣ አንድ በአንድ ላስተካክል። ያ እስኪሆን ያ ድምፅ ይዘጋ። ለመጪው ዓመት አሠልጣኝዎ ያን ጥያቄ ሌላ መምህር ሲጠይቅ እርስዎ ከኋላ አይቁሙ፤ ሰው ሲመሰገን ምን ያህል እንደሚዋሽ እኔ ምስክር ነኝ። ንድፈ ሐሳቦቹንም ሆነ መሣሪያዎቹን አልጠላሁም፤ መሣሪያው የሰጠሁትን ነው መልሶ የሰጠኝ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች እንዳይሉኝ ደግሞ የራሴን ድርሻ ልንገርዎት፦ ሐሙስ ዕለት ልጅቱ ያንን ድርሰት አታነብም። ለማብራሪያ የተመደበልኝን ጊዜ ተጠቅሜ፣ በእናትየው፣ በታናሺቱና በእርስዎ ፊት ይህንኑ የጻፍሁልዎትን እናገራለሁ። ከዚያ በኋላ ልጅቱ ፈቃዷ ከሆነ፣ እናቷም እኅቷም ራሷም ያሉበትን አዲስ ድርሰት ከወረቀት ታነባለች፤ ፈቃዷ ካልሆነም እናቷ አጠገብ ትቀመጣለች። እስከ አሁን እሺም እምቢም አላለችኝም። እውነቱን ለመናገር በጣም ፈርቻለሁ፤ ምስጋናውን የሰጡኝን የእናትየውን ፊት እንደገና እንዴት እንደማየው አላውቅም።

ስላሠለጠኑኝ፣ ስላጨበጨቡልኝ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ስሕተቴን ማንም እንዳይነካብኝ በማኅተም ስለ ጠበቁልኝ፣ ከወንበርዎ ዝቅ ብዬ፣ ከተማሪዬም ወንበር ዝቅ ብዬ፣ ከፍ ያለ ምስጋናዬን እያቀረብሁ፣ ሐሙስ ዕለት በጤና ያገናኘን እላለሁ።

አክባሪዎ፣
አንድን ቃል አንድ ነው ያለችው የአራተኛ ክፍል የአማርኛ መምህርት

ማስታወሻ፦ የላኩልንን የግብዣ ደብዳቤ ለጨዋታ ያህል ታብሌቱ ላይ ጻፍሁት። "ሁሉም መምህራን በኃላፊነት ስሜት እንዲገኙ" ከሚለው መስመር ላይ "ኃላፊነት" ስደርስ ጥዝዝ አለብኝ። ቀያይሬ ብሞክረውም እምቢ አለኝ፤ ምን ብዬ እንዳስገባሁት አላስታውስም። ልጅቱ መሣሪያው የማይወደውን ቃል ትቶ መኖርን ለመማር አንድ ሙሉ ሴሚስተር ፈጅቶባታል፤ ይህን ቃል ግን እኔና እርስዎ ያለ ምንም መሣሪያ እርዳታ ትተነው ኖረናል።